መስኮቱን ክፈቺው

ሞተር ሆም መግዛታችሁን እናትሽ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አላችሁ። ዋጋውን አልጠየቅኋትም፤ እሷም እሱን ለመንገር ሌላ ቀን የቀጠረች ይመስለኛል። «ሹፌሩ አናት ላይ አልጋ ያለው ነው» ስትለኝ ግን ዓይነቱ ወዲያው ገባኝ። ክላስ ሲ የሚሉት፣ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ ቤት የተሠራበት ነው። በጥቅምት ከሲያትል ተነስታችሁ ወደ ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ልትሄዱ እንዳሰባችሁም ሰማሁ። ዕድሜውን እነዚህን መኪኖች ሲጠግን የኖረ አጎት እያለሽ ሳትጠይቂው ብትሄጂ ያስተዛዝበናል፤ እኔም ዝም ብዬ ብሸኝሽ አያምርብኝም።

ሞተሩን መካኒክ ያየዋል፤ ጎማውን ጎሚስታ ይቀይረዋል። ይህን ዓይነቱን መኪና ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ውሃ ነው። ውሃ ስልሽ ዝናቡን ብቻ እንዳታስቢ። ጣሪያው ደህና ከሆነ ዝናብ ውጭ ይቀራል። ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው እናንተ ውስጥ ሆናችሁ የምታመርቱት ውሃ ነው።

ሂሳብ ስለምትወጂ በቁጥር ላስረዳሽ። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተኛ በትንፋሹና በላቡ ግማሽ ሊትር የሚያህል ውሃ ወደ አየሩ ይለቃል። የእናንተ መኪና ውስጡ ቢለካ 30 ሜትር ኩብ ገደማ ቢሆን ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ደግሞ ሊሸከም የሚችለው ትነት 17 ግራም ያህል ነው። አባዢው፤ ግማሽ ሊትር ይመጣል። እንግዲህ በር መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ ስትተኙ፣ ማታ ራት ሲበስል ግማሹ የሞላ አየር ላይ ሌላ ሙሉ ሸክም ጫናችሁበት ማለት ነው። የተረፈው ውሃ ቀዝቃዛ ነገር ፈልጎ ይቀመጣል፤ መስታወት ላይ፣ የመስኮቱ አሉሚኒየም ላይ፣ የቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ፍራሹ ሥር። 20 ዲግሪ የሆነና እርጥበቱ 60 በመቶ የደረሰ አየር 12 ዲግሪ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በኅዳር ሲያትል ውስጥ ከዚያ የማይቀዘቅዝ የመኪና ግድግዳ ከየት ይመጣል?

ጠዋት ስትነሺ የፊት መስታወቱ አልቦት ታገኚዋለሽ። ጥረጊው፤ በላስቲክ መጥረጊያ አውርደሽ ጨርቁን ውጭ ጭመቂው። ነገር ግን እሱ የሚታየው ብቻ ነው። ፍራሹ ሥር ያለውን ማንም አያየውም፤ እስኪሸት ድረስ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ለእኛ ሰው ግን ይከብደዋል። መስኮት መክፈት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሙቀቱ ሰው ሊያፍን ደርሶ፣ አንዱ መስኮቱን ጣት ታህል ገርበብ ቢያደርግ «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ገባ!» የሚል ከኋላ አይጠፋም። ሌላው ተሳፋሪ በሙሉ ከእሱ ጋር ያብራል። እናትሽ ስንት ዘመን አሜሪካ ኖራ እንኳ እኔ መኪና ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው የመስኮቱን ቁልፍ ነው። ይህን ልማድ ይዘሽ ሞተር ሆም ውስጥ ከገባሽ በአንድ ክረምት ታበሰብሺዋለሽ።

«ዝናብ እየዘነበ መስኮት መክፈት እርጥበትን መጋበዝ አይደለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። ደንበኞቼም እዚህ ላይ ነበር የሚከራከሩኝ። ቀዝቃዛ አየር ውሃ የመያዝ አቅሙ ትንሽ ነው። 7 ዲግሪ የሆነ አየር ዝናብ ውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኩብ ከ8 ግራም አይበልጥም። ያንኑ አየር አስገብተሽ 20 ዲግሪ ስታሞቂው አቅሙ ወደ 17 ያድጋል፤ የያዘው ግን ያው 8 ነው። ውጭ መቶ በመቶ የረጠበው አየር ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ 45 በመቶ ገደማ ሆነ ማለት ነው፤ ደረቅ አየር ነው። እሱ ይገባል፣ የእናንተ ትንፋሽ ይወጣል። ማሞቅና ማናፈስ አብረው ካልሆኑ ግን ዋጋ የላቸውም። ዘግተሽ ብታሞቂ ውሃው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ሳታሞቂ ብትከፍቺ ብርዱ ብቻ ይተርፍሻል። ትንሽ ጋዝ ይበላል፤ ይብላ። የግድግዳ ኮምፔንሳቶ ማስቀየር ስንት እንደሚያስከፍል እኔን ጠይቂኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን ቬንቲሌተር ወደ ውጭ እንዲስብ አድርጊና በዝቅተኛ ፍጥነት ተዪው። ከዚያ ከእሱ በራቀው ጫፍ ያለውን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፈቺ። ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀዳዳ አየር አይዘዋወርም። የጣሪያው መክፈቻ በአብዛኛው መኪና 14 ኢንች በ14 ኢንች ስለሆነ፣ ዝናብ የማያስገባ የፕላስቲክ ክዳን በልኩ ተሠርቶ ይሸጣል፤ በሁሉም ላይ አስገጥሚ። ያኔ ዶፍ ቢወርድም ተከፍቶ ያድራል። ሻወር ስትወስዱ የመታጠቢያ ቤቱን ቬንቲሌተር አብሩት፤ ከጨረሳችሁም በኋላ ግድግዳውን ጠርጋችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሥራ። የረጠበ ጃኬትም እዚያው ሻወር ውስጥ እንጂ አልጋው አጠገብ አይሰቀል።

ይህ ሁሉ ለቀዝቃዛ አገር ነው። በሐምሌ ፍሎሪዳ ከወረዳችሁ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የውጭው አየር ራሱ በውሃ የከበደ ስለሆነ ትዘጊና ኤሲውን ታበሪያለሽ፤ ኤሲ ሲያቀዘቅዝ ውሃውንም አውጥቶ ያንጠባጥባል።

አንድ የሚገርምሽ ነገር ልጨምርልሽ። በዓመት የሚዘንበው ቢለካ አዲስ አበባ ሲያትልን ትበልጣለች። ሲያትል 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,100 ያልፋል። ልዩነቱ አዘናነቡ ላይ ነው። የእኛ ክረምት ዶፉን አውርዶ ይሄዳል፣ መስከረም ሲጠባ ፀሐዩ ያገኘውን ሁሉ ያደርቃል። የሲያትል ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ካፊያ ነው፤ ፀሐይዋ ብትወጣም ዝቅ ብላ፣ ሳታሞቅ ታልፋለች። ስለዚህ «ነገ ፀሐይ ሲወጣ አሰጣዋለሁ» የሚለውን የአገር ቤት ተስፋ እዚያ አትያዢ። ልትሄዱበት ባሰባችሁት ፓርክ ውስጥ ያለው የሆህ ጫካ ደግሞ በዓመት 3,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ነው። ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ የዛፍ ሽበት ለብሶ የሚቆመው ለዚያ ነው፤ ለዓይን ግሩም ነው፣ ለፍራሽ ግን መጥፎ ሰፈር ነው። እርጥበቱ ካሸነፋችሁ በአይ-90 አውራ ጎዳና የስኖኳልሚን ተራራ ማለፊያ ተሻገሩና ወደ ያኪማ ውረዱ። ተራራው ዝናቡን ስለሚያስቀረው ያኪማ በዓመት የሚያገኘው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በር፣ መስኮት፣ መሳቢያ፣ ቁም ሳጥን ከፍቶ፣ ፍራሹን አውጥቶ አንድ ደረቅ ቀን እዚያ ማሳለፍ በኤሌክትሪክ ማሽን ከሚደረግ ማድረቅ ይበልጣል።

አሁን ወደ እሳቱ። ከዚህ ምክር አንዱን ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

መኪናው ይዞት የመጣው ማሞቂያ፣ ፈርነስ የሚባለው፣ እሳቱ የታሸገ ነው። የሚያቃጥለውን አየር ከውጭ ይስባል፣ ጭሱንም በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ ይተፋል። ወደ እናንተ የሚመጣው ንጹሕ ሙቀት ብቻ ስለሆነ ቤቱን ያደርቀዋል። ችግሩ ማራገቢያው ባትሪ መብላቱ ነው። ባትሪው ሲደክም ሰው ትንሿን ጭስ ማውጫ የሌላትን የፕሮፔን ማሞቂያ ያስገባል፤ ወይም ይባስ ብሎ ምድጃውን ለኩሶ ይቀመጣል። ፕሮፔን ሲቃጠል ውሃ ይወልዳል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ ይሆናል። ባለ 20 ፓውንዱን ሲሊንደር፣ 9 ኪሎውን ማለት ነው፣ ውስጥ ብታቃጥዪው 15 ሊትር ያህል ውሃ በትነት መልክ ቤትሽ ውስጥ ደፋሽ ማለት ነው። ስትሞቂ ደረቅ ይመስልሻል፤ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ይነግርሻል። ለምግብ ማብሰያም ምድጃው ሲበራ ቬንቲሌተሩ ይብራ፣ ድስቱም ይከደን።

ውሃው ሲጸዳ ይጸዳል፤ ከዚሁ እሳት የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ይገድላል። አይታይም፣ አይሸትም። እዚህ ላይ ስለ ቡናው ልናገር። ባልሽ ቡና ያለ ከሰል ቡና አይመስለውም፤ አውቃለሁ። ጀበናውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ረከቦቱንም ያዙ። ከሰል ግን በዚያ መኪና ውስጥ አይገባም። መስኮት ተከፍቶም አይገባም። «ጨርሷል፣ ፍም ብቻ ነው» ተብሎም አይገባም፤ ፍሙ ነው የባሰው። አገር ቤት በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብተው ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎች ወሬ ለአንቺ አዲስ አይደለም፤ ያውም እነሱ የተኙበት ክፍል ከእናንተ መኪና ይሰፋል። ቡናው ከመኪናው ጎን በሚዘረጋው ሸራ ሥር፣ ውጭ ይፈላ። እጣኑም እዚያው ይጪስ፤ ውስጥ ከጨሰ ስፖንጁና መጋረጃው ጠጥቶት ዓመት ያስቀምጠዋል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው ላይ የተጻፈውን ዓመት እዪ፤ እነዚህ ዕቃዎች ዕድሜ አላቸው፣ አሮጌ ከሆነ ጣይውና አዲስ ግዢ። ወለሉ አጠገብ የተሰቀለችው ሌላዋ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ናት። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ስለዚህ ፊቷ ላይ ጫማ አትደርድሪባት።

ስለ ምግብ ከተነሣ፣ ቁሌት ለማቁላላት ቦታው ውጭ ነው። አንዲት ተንቀሳቃሽ የጋዝ ምድጃ ግዢና ሽንኩርቱን እዚያ አብስዪ። ውስጥ ካቁላላሽው እንፋሎቱ በአንድ ቀን ይወጣል፤ በርበሬና ዘይት የተቀላቀለው ጭስ ግን ጣሪያው ላይ ቢጫ ሆኖ ይጋገራል፣ አቧራም እሱ ላይ ይጣበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዘሽ ለመሄድ ካሰብሽ ተይው። እንጀራውን ቤት ጋግረሽ ያዢ።

እንጀራ ካነሣሁ አይቀር፣ ሻጋታን ከእሱ በላይ ያስተማረን የለም። ትኩሱን ፕላስቲክ ውስጥ ከተሽ አፉን ያሰርሽው እንጀራ በማግስቱ ያልበዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፤ አብርደሽ ያስቀመጥሽው ይቆያል። መኪናውም እንደዚያው ነው። ሻጋታ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ እርጥበትና የሚበላው። ብረትና መስታወት አይበላም፤ እነሱ ላይ ያለውን አቧራ፣ የሰው ቆዳ ፍርፋሪ፣ የጸጉር ቅባት፣ የፈሰሰ ሻይ ነው የሚበላው። ስለዚህ ጽዳትና ማድረቅ አንድ ሥራ ናቸው። በዚያ ጠባብ ቤት የጽዳቱ ግማሽ በሩ ላይ ያልቃል። ጫማ ደረጃው አጠገብ ይውለቅ፤ ደረጃው ሥር ጠንካራ ምንጣፍ፣ ውስጥ ደግሞ ታጥቦ የሚደርቅ ቀጭን ምንጣፍ ይነጠፍ። ከግድግዳ ግድግዳ የተለጠፈ ወፍራም ምንጣፍ ካለው አስነቅዪው፤ እርጥብ ጫማ የረገጠው ምንጣፍ ከሥሩ ደርቆ አያውቅም። ወለሉን ስትወለውዪ ጨርቁ ይጨመቅ፤ በባልዲ ውሃ ደፍተሽ እንደ ግቢ አትጠቢው፤ ከሥሩ እንጨት ነው።

አልጋው ብዙ ጊዜ ኮምፔንሳቶ ላይ የተዘረጋ ስፖንጅ ነው። ገላችሁ ከላይ ያሞቀዋል፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ እንጨት አለ፤ ላቡ ስፖንጁን አልፎ እዚያ ጤዛ ይሆናል። የሹፌሩ አናት ላይ ያለው አልጋ ደግሞ በሦስት ወገን ብርድ ስለሚያገኘው ይብሳል። ከፍራሹ ሥር አየር የሚያስተላልፍ ነገር አስገቢ፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ እንደ መረብ የተሠራ ንጣፍ አለ፣ ካልሆነም የእንጨት ርብራብ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት አልጋውን ወዲያው አታንጥፊ። ፍራሹን በአንድ ጎኑ አቁሚውና ቁርስ እስኪያልቅ ይተንፍስ። አልጋ ሳያነጥፉ መዋል ስንፍና ነው ብላ ያሳደገችሽ እናትሽ ይህን ብታነብ ቅር ይላት ይሆናል፤ እኔ እመልስላታለሁ። ቁም ሳጥኑንም እስከ አፉ አትጠቅጥቂው፤ ልብሱ ከውጩ ግድግዳ ትንሽ ይራቅ።

አሥርና አሥራ አምስት ዶላር የሚሸጥ የእርጥበት መለኪያ ሁለት ግዢ። አንዱን ሳሎኑ ላይ፣ አንዱን አልጋው አጠገብ ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለቤት ውስጥ አየር የሚመክረው ከ60 በመቶ በታች፣ የሚመረጠው ደግሞ ከ30 እስከ 50 ነው። 60 ካለፈ ንፋስ ትጨምሪያለሽ፤ በግምት መጨቃጨቅ ቀረ ማለት ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጡት እርጥበት የሚስቡ ነጭ ቅንጣቶች ለተዘጋ ቁም ሳጥን ደህና ናቸው፤ ሰው የሚተኛበትን ቤት ግን አይችሉትም። የሚያጠራቅሙትም ጨዋማ ውሃ ብረት ይበላልና መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዳይደፋ። የካምፕ ኤሌክትሪክ ካገኛችሁ እርጥበት መጣጭ ማሽን ጠቃሚ ነው። ባለ ኮምፕሬሰሩ ብርድ ላይ በረዶ ይዞት ይደክማል፤ ለቀዝቃዛ ቦታ ያለ ኮምፕሬሰር፣ በማድረቂያ ቅመም የሚሠራው ይሻላል።

ሻጋታ ካገኘሽ በደረቅ ብሩሽ አትፈግፍጊው፤ ዱቄቱን ቤቱን ሙሉ ትዘሪዋለሽ። ጭምብልና ጓንት አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በሳሙናና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጊ፣ ከዚያ አድርቂ። አቼቶም ይሠራል። በረኪና ለፕላስቲክና ለመስታወት ይሆናል፤ እንጨት ውስጥ ግን አይሰርግም፣ ላዩን ያነጣውና ሥሩን ይተወዋል። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር አንድ ላይ እንዳታገናኚ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፣ በዚያች ጠባብ ቤት ደግሞ የምትሸሺበት የለም። ያው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 10 ካሬ ጫማ፣ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ያልሞላ ሻጋታን ራስሽ ማጽዳት እንደምትችዪ ይናገራል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ስፖንጅ ውስጥ ከገባ ማጽዳቱን ትተሽ ምንጩን ፈልጊ።

ምንጩ አንዳንዴ ቧንቧ ነው። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የውሃው ፓምፕ በሌሊት ድንገት ተነሥቶ ጥቂት ሠርቶ ካቆመ፣ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ሥር፣ የሽንት ቤቱን ኋላ በደረቅ ሶፍት እየነካካሽ ፈልጊ። ካምፕ ውስጥ የውሃ ቱቦ ስትቀጥሉም የግፊት መቀነሻ አስገቡ፤ የአንዳንዱ ካምፕ ግፊት መጋጠሚያ ያላቅቃል።

ለክረምት ስታቆሙት ፍሪጁ ይጸዳ፣ ይድረቅ፣ በሩም በጨርቅ ተደግፎ ክፍት ይሁን፤ ዘግተሽው ከሄድሽ በጸደይ የምታገኚውን ሽታ አልነግርሽም። ስፖንጆቹ ይቁሙ፣ መሳቢያዎቹ ይከፈቱ፣ የጣሪያው መክፈቻ በክዳኑ ሥር ገርበብ ይበል። በሰማያዊ ፕላስቲክ ሸራ አትጠቅልዪው፤ የሚተነፍስ የመኪና ልብስ አለው። ቆሎና ብስኩት አንድ ፍሬ እንኳ አይቅር፤ አይጥ ለዚያ ሲል ሽቦ ይቆርጣል።

ጣሪያውን የጠቀስኩት ደህና ከሆነ ብዬ ነው። የእናንተ አሮጌ ስለሆነ እርግጠኛ መሆን አልችልም። እዚያ ላይ የሚቀደደው ጣሪያውን የሸፈነው ሰፊ ጎማ አይደለም፤ በቬንቲሌተሩ፣ በአንቴናው፣ በጠርዙ ዙሪያ ያለው ማስቲሽ ነው የሚሰነጠቀው። በዓመት ሁለቴ ይታይ። ሲሊከን እንዳትቀቢበት፤ ጊዜ ሲያልፍ ይላቀቃል፣ እሱ የነካው ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ማስቲሽ አይዝም። ለዚህ ጣሪያ የተሠራ፣ ሲያፈሱት በራሱ የሚደላደል ማስቲሽ አለ። ውስጥ ሆነሽ ደግሞ የሹፌሩ አናት ላይ ያለውን አልጋ ጥጎች በእጅሽ ተጫኚያቸው፤ ለስላሳ ከሆኑ ወይም የውጩ ግድግዳ ፊኛ መስሎ ካበጠ ውሃ ቆይቷል ማለት ነውና ጉዞው ይዘግይ። ብቻችሁን ጣሪያ ላይ እንዳትወጡ። ጥቅምት ሳይገባ ዝናብ የሌለበት፣ ሞቅ ያለ ቅዳሜ ፈልጉና ደውሉልኝ፤ መሰላሉንና ማስቲሹን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ባልሽ አሮጌ ልብስ ለብሶ ይጠብቀኝ፤ ያ ማስቲሽ ከነካው ልብስ አይለቅም።